«ያቃጥላል?»

ከጥቃት አምልጠው በመጠለያ የሚኖሩ ወጣት ሴቶችን የውበት ሙያ ላስተምር ወደ ሰው አገር የሄድኩት ለስድስት ሳምንት ነበር። በሦስተኛው ቀን የፀጉር አስተጣጠብ ላሳይ አንዷን ተማሪ መታጠቢያው ጋ አስቀመጥኳትና ራሷን ወደ ኋላ እንድትጥል ግንባሯን በእጄ ገፋ አደረግኩ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ጣራው ላይ ተተከለ፤ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። እኔ የታየኝ የሚታጠብ ፀጉር ነው። እሷ ግን አንገቷን ገልጣ ከበላይዋ ለቆመ ሰው መስጠቷ ነበር።

ትምህርቱን አቁሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። ማታውኑ ዕቅዴን ከሥሩ ቀየርኩት። ከመንካት በፊት መናገርና ፈቃድ መጠየቅ የመጀመሪያው ትምህርት ሆነ። ወንበሩን ወደ በሩ አዞርነው፤ ወደ ኋላ መጋደም የሚከብዳት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ትታጠባለች። ልምምዱም ለሁለት ሳምንት በአሻንጉሊት ራስ ላይ ብቻ ሆነ። ከቋንቋቸው አስቀድሜ ያጠናሁት «ያቃጥላል?» የሚለውን ቃል ነው፤ አስተርጓሚ እስኪመጣ የማይጠበቅበት ጥያቄ ነውና።

በኬሚካል ጉዳይ ግን ቅንጣት አልላላሁም። ብዙ ተጎድተዋል ብሎ የሙያውን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ሌላ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ጥቅልል ፀጉርን የሚያዘረጋው የፀጉር ማለስለሻ የራስ ቆዳን የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ እንደ አሲድ ሁሉ ቆዳ የሚበላ ኬሚካል ማለት ነው። ብዙ የጠቆሩ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ያለው ፒፒዲ የተባለ ማቅለሚያ ኬሚካል ደግሞ ፊት እስኪያብጥ ድረስ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ከ48 ሰዓት በፊት በጥቂቱ ቆዳ ላይ ሳይሞከር ቀለም አይቀባም። ማበጠሪያም አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል፤ ፀጉርና ቅባት በተጣበቀበት ዕቃ ላይ ፀረ ተሕዋስያን በቅጡ አይሠራም።

ያም ሆኖ ስድስት ሳምንት ለኬሚካል አይበቃም። ተመልሼ ብሄድ በሹሩባና በጥፍር ሥራ እጀምራለሁ፤ ብዙ ዕቃ አይጠይቁም፣ ገንዘብም ቶሎ ያስገኛሉ። ማለስለሻውን ለሌላ ዙር አቆየዋለሁ። የሒሳብ ትምህርቱንም ለአምስተኛው ሳምንት ማቆየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ከደንበኛ የተቀበለችውን ሁሉ ትርፍ ብላ ትመዘግብ ነበር። የሻምፑውን፣ የጓንቱን፣ የመብራቱንና የራሷን ሰዓት ዋጋ አንድ በአንድ ስንቀንስ፣ ለካ የምትሠራው በኪሳራ ኖሯል። ደብተሩን በመጀመሪያው ቀን ከማበጠሪያው ጋር ልሰጣቸው ይገባ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጣቢዬ ያቺው ልጅ ነበረች። ፎጣውን አንገቴ ሥር አስተካክላ ውሃውን ለቀቀች፤ «ያቃጥላል?» አለችኝ። ትንሽ፣ አልኳት። ውሃውን ከራሴ አራቀች፣ ቀዝቃዛውን ጨመረች፣ በእጅ አንጓዋ ለካችው፤ ከዚያ እንደገና ጠየቀችኝ።