ጣርማ በር ዳገት ላይ የጠፋው ሞተር

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 600/2000 በተካበት ሰሞን፣ ሸዋ ሮቢት በሚገኝ አንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ የተግባር አሠልጣኝ ነበርሁ። የጽሑፍ ማስተማሪያችንን ከአዲሱ ሕግ ጋር እያስተያየን ስናርም ሰነበትን። የዳገት አነሣስ ትምህርታችንን ግን ማንም አልነካውም፤ ሠልጣኞቻችን በመለማመጃው ሜዳ አፈር ተቆልሎ በተሠራችው አጭር ዳገት ላይ ሳይንሸራተቱ ይነሡ ስለነበር እንከን ያለው አልመሰለንም።

ለፈተና ጥቂት ቀናት የቀሯትን አንዲት ሠልጣኝ ረጅም መንገድ ላስለምዳት ብዬ በማሠልጠኛው ኮሮላ ወደ ደብረ ብርሃን ይዣት ወጣሁ። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ጉሙ ወረደ፤ የጣርማ በር ዋሻ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ቆመ፣ እኛም ቆምን። እሱ ሲንቀሳቀስ ልጅቱ አንደኛ ማርሽ አስገብታ፣ እግሯን ከፍሬን ወደ ነዳጅ መስጫው አዛውራ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናዋም ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላችን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። በእኔ በኩል ያለውን ፍሬን ረግጬ የእጅ ፍሬኑን ስስብ በመካከላችን የቀረው አንድ እርምጃ ያህል ነበር።

«ጋሼ፣ ሜዳው ላይ እንዳስተማሩኝ ነው እኮ ያደረግሁት» አለችኝ እየተንቀጠቀጠች።

እውነቷን ነበር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። የልጅቱ እግር የለመደው የነዳጅ መጠን የቆላ መጠን ነበር፣ ያውም ለዚያች ለአፈር ዳገት ብቻ የሚበቃ። ነዳጁን በሞተሩ ድምፅ ሳይሆን በእግር ልክ ያስለመድኋት፣ የእጅ ፍሬኑንም ጊዜ ይወስዳል ብዬ ያስተውኋት እኔ ነኝ፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

የአይሱዙው ረዳት ወርዶ ከኋላ ጎማችን ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገልን። ልጅቱ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ፣ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እስኪል ነዳጅ ሰጠች፤ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ስትለቅ ድምፁ ወፈር፣ የመኪናዋም አፍንጫ ቀና ሲል እግሯን ባለበት አቆየችና የእጅ ፍሬኑን ያን ጊዜ አወረደች። በሁለተኛው ሙከራ ጎማው ወደ ታኮው ሳይመለስ ተነሣች።

በማግሥቱ ጉዳዩን ለኃላፊያችን አቀረብሁ። የነዳጁ ወጪ ቢያሳስባቸውም፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከፈተናው በፊት አንድ ቀን ከደብረ ሲና በላይ፣ መንገዱ ሰፋ ያለ ዳር ባለው ስፍራ ቆሞ መነሣትን እንዲለማመድ ተስማሙ። በየመኪናችን የእንጨት ታኮ መያዝ የጀመርነውም ከዚያ ሳምንት ወዲህ ነው።