የፓይለት ኢንተርቪው ዝግጅት ከባሕር ዳር፦ እስካሁን የደረስንበት

ዝግጅቱ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ፣ ያለንበት ይኸው። ሦስት ነን። ሁላችንም ኮሜርሻል ላይሰንስ (ተከፍሎን የማብረር ፈቃድ) ይዘን የረዳት አብራሪነት ኢንተርቪው የምንጠብቅ የባሕር ዳር ልጆች።

የጥያቄና መልስ ፒዲኤፍ በቴሌግራም እንደ ጉድ ነው። አላጣጥለውም። ግን ጠያቂው አንድ «ለምን?» ከጨመረ ሽምደዳ እዚያው ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄውን ሁሉ ወደ ገዛ ኤርፖርታችን አምጥተን ነው የምንሠራው።

ለምሳሌ ዴንሲቲ አልቲትዩድ፣ ማለትም በአየሩ መሳሳት የተነሣ አውሮፕላኑ እንዳለበት ሆኖ የሚሠራበት ከፍታ። ኤርፖርታችን ከባሕር ጠለል 6,000 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል። የስታንዳርዱ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ሆኖ በየ1,000 ጫማው 2 ስለሚቀንስ፣ እዚህ 3 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ 27 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 24 ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ደምሩ፤ አውሮፕላኑ 8,900 ጫማ አካባቢ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው።

«እና ምን ይሁን?» ሲባል ነው ጨዋታው የሚጀምረው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። መሣሪያው ላይ የምታነቡት የመነሻ ፍጥነት ያው ነው፤ ጎማው መሬት ላይ የሚሮጠው ግን ይበልጣል። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ከተነሣም በኋላ ሽቅብ መውጣቱ ይከብደዋል። ይህን በራሳችሁ አፍ ማስረዳት ከቻላችሁ ጭነት ለምን እንደሚቀነስ ማንም ሳይነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የነፋስ ሒሳብ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ነው የምንጠያየቀው። ራንዌያችን 04/22 ነው፤ በአንዱ በኩል ወደ 40፣ በሌላው ወደ 220 ዲግሪ ገደማ ያቀናል ማለት ነው። ነፋሱ ከ250 ዲግሪ በ20 ኖት ፍጥነት ቢመጣ፣ 22 ላይ ለሚያርፍ ከጎን የሚመታው ስንት ነው? ልዩነቱ 30 ዲግሪ ሲሆን ግማሹ፣ 10 ኖት። ሾፌሮቹ ዞር ብለው ያዩናል፤ ለምደነዋል።

ጠያቂያችን የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻን። ጋሼ ነው የምንላቸው። ፊታቸው አይፈታም፤ ለኢንተርቪው ልምምድ ከዚህ የተሻለ ፊት አይገኝም። አንድ ቀን መስከረም 5 ቀን 1981ን አነሡብን። ከባሕር ዳር ወደ አስመራ በተነሣ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የርግብ መንጋ ገባ። ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጉልበት አጡ፤ ጎማ ሳያወጣ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ይህን ከተረኩልን በኋላ «ሁለቱም ቢጠፉብህ ምን ታደርጋለህ?» አሉት ጓደኛችንን። እሱ ቼክሊስቱን ከላይ እስከ ታች ተወጣው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙትና «ጎበዝ። እስከዚያ አውሮፕላኑን ማን እያበረረው ነው?» አሉት። መጀመሪያ ማብረር፣ ከዚያ የት እንደምትሄድ ማወቅ፣ ከታወር ጋር ማውራት መጨረሻ። ሦስታችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ በጥያቄ መሃል ግን ቀድሞ አይመጣም።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው «ካፒቴንህ ሲሳሳት ምን ትላለህ?» የሚለው ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም ብለን ነው ያደግነው። በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ራንዌይ ላይ ሲጋጩ 583 ሰዎች አልቀዋል። የአንዱ የበረራ መሐንዲስ፣ ሌላው አውሮፕላን ከራንዌይ መውጣቱን ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ እርግጠኛ ሆኖ መለሰለት፤ መሐንዲሱም አልደገመም። ለእኔ ጥያቄው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ።

ስለዚህ ጋሼን ካፒቴን አድርገን እንለማመዳለን። ለማረፍ እየወረድን ደመና ውስጥ ነን፣ 1,000 ጫማ ደርሰናል፣ ፍጥነቱ ገና አልረገበም። ጓደኛችን ጀመረች፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ምናልባት ፍጥነቱ ትንሽ...» አቋረጧት፦ «አንቺ እስክትጨርሺ እኔ መሬት ደረስኩ!» አሁን በደረጃ እንሄዳለን። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ካልተሰማ ምን እንዳሰጋኝ፤ አሁንም ካልተሰማ ቁርጥ አድርጌ «ጎ አራውንድ!» (ማረፉን ትተን እንደገና እንውጣ)። ቃሉ አጭር፣ ድምፁ የረጋ። «እርስዎ» ማለቱን አልተውንም፤ «ምናልባት»ን ነው የተውነው።

ሎግቡክና ዶክመንት ጨርሰናል፣ ሱፉም ተገኝቷል። የቀረን የሲሙሌተር ፈተናው ነው። በቅርብ የተፈተናችሁ ካላችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት የሚሰጣችሁ ብሪፊንግ ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ ጻፉልን።