ከፉርሽካ ፌሩሊክ አሲድ ለማውጣት ስሞክር

የመጀመሪያው ሙከራዬ የተረፈኝ ብልቃጡ ሥር እንደ ሬንጅ የተጣበቀ ቡናማ ነገር ነው። የጠበቅኩት ነጭ ክሪስታል ነበር።

ፌሩሊክ አሲድ፣ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ ውህድ፣ ስሙን ያገኘው ፌሩላ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ የተለየውም ከዚሁ ተክል ሙጫ ነው። ኬሚስቶች አሮማቲክ ከሚሏቸው ውህዶች አንዱ ነው፤ እንዲህ መባሉ ግን ለሽታው አይደለም፣ ስድስት ካርቦኖች ለሠሩት ቀለበት ነው። እኔ የተነሳሁት ከስንዴ ፉርሽካ ነው፤ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ይህ አሲድ ነው። ግን ከህዋስ ግድግዳው ስኳሮች ጋር ኤስተር በሚባል ኬሚካዊ ትስስር ስለተቆለፈ ውሃ ብቻውን አያወጣውም። ትስስሩን የሚበጥስ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ያስፈልገዋል።

100 ግራም ፉርሽካ ጠንካራ ቤዝ በሆነው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዘፍዝፌ አሞቅኩት። ስታርቹን አስቀድሜ ስላላጠብኩ ሁሉም ነገር ረግቶ አላጣራ አለኝ። ከዚያ የባሰው ግን ብልቃጡን ክፍት መተዌ ነው።

ፌሩሊክ አሲድ ኤሌክትሮን ለመስጠት አይሰስትም። የመዋቢያ አምራቾች የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው፤ 15 በመቶ ቫይታሚን ሲ እና 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ባለበት ሴረም ላይ 0.5 በመቶ ሲጨመር ቫይታሚኖቹ ቶሎ እንዳይበላሹ ያደርጋል። ቤዝ ውስጥ ሲገባ ይህ ጠባዩ ይብሳል፤ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የእኔን ምርት የበላው በዚህ መንገድ ነው። ገበያ ያስገኘለት ጠባዩ እኔን አከሰረኝ ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ሙከራ ፉርሽካውን በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፤ ኦክስጅኑን እንዲሻማልኝ ጥቂት ሶዲየም ሰልፋይት ጨምሬ፣ አየሩን በናይትሮጅን አስወጥቼ ከደንኩት። ፈሳሹ ቡናማ ሳይሆን ቢጫ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 2 እስኪደርስ አሲድ በጠብታ ጨመርኩ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ! ሰልፋይት አሲድ ሲነካው የሚያፍን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ጋዝ መሳቢያ ሥር ካልሆነ አይሞከርም። ከዚያ ፌሩሊክ አሲዱን ከውሃው ስቦ እንዲያወጣልኝ ኤቲል አሲቴት የሚባል ማሟሚያ ጨምሬ በኃይል ስነቀንቀው ሁለቱ ፈሳሾች ወተት መስለው ተቀላቀሉና እስኪለያዩ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። አሁን ዕቃውን ቀስ እያልኩ እገለብጠዋለሁ እንጂ አልነቀንቅም።

ኤቲል አሲቴቱን አትንኜ የቀረውን በፈላ ውሃ አሟሟሁት። ሲቀዘቅዝ መርፌ የሚመስሉ ክሪስታሎች ከብልቃጡ ግድግዳ ተነሱ፤ ደርቀው 0.2 ግራም መዘኑ። የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ያበራሉ። ትንሽ ቆንጥሬ በሙከራ ቱቦ አቀለጥኩ፤ 170 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ማሞቄን ስቀጥል ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ፤ አሲዱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጥሎ ቪኒልጓያኮል ወደሚባል ሽታ ያለው ውህድ እየተለወጠ ነበር። ረቂቅ ተሕዋስያን ሲያገኙት ደግሞ ከጎን ሰንሰለቱ ሁለት ካርቦን ቆርጠው ቫኒሊን፣ የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠውን ውህድ፣ ያደርጉታል። ተፈጥሯዊ ተብሎ የሚሸጠው የቫኒላ ማጣፈጫ አንዱ ምንጭ ይሄ ነው፤ ፋብሪካዎች አሲዱን በብዛት የሚያገኙት ከሩዝ ዘይት ማጣሪያ ተረፈ ምርት ነው።

የእኔን 0.2 ግራም በጠቆረ ጠርሙስ አስቀምጫለሁ፤ ብርሃን ሲያገኘው የሞለኪውሉ ቅርጽ ትራንስ ከሚባለው (ጫፎቹ በተቃራኒ ጎን ካሉበት) ወደ ሲስ (በአንድ ጎን ወዳሉበት) ይዞራል።