ምነው ከሳሽ?

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ እትዬ ቤት ክርስትና ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በር ላይ ያዙኝ። "ምነው ከሳሽ? ደህና ነሽ አይደል?"

እኛ ዘንድ ሰው ሲወፍር ተመችቶት ነው። ሲከሳ ወይ ታሟል ወይ ከፍቶታል። ስኳር ይዞኝ ክብደቴ ሲጨምር "አሜሪካ ተስማማሽ" ይሉኝ የነበሩት እኚሁ እትዬ ናቸው።

ሞንጃሮ የሚባለውን የስኳር መርፌ እንደጀመርኩ ለሰው አላወራሁም። የመድኃኒቱ ስም ቲርዜፓታይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ አሜሪካ ለዓይነት ሁለት ስኳር ተፈቀደ። በ2023 ደግሞ ያው መድኃኒት ዜፕባውንድ ተብሎ ለክብደት ወጣ። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጫቸውን ሁለት ሆርሞኖች ሥራ ይሠራል። ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋፋል፣ ምግብ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል፣ አንጎልን "በቃ ጠግበሃል" ይለዋል። ከዚህ ዘር መጀመሪያ የወጣው በ2005 የተፈቀደው ኤክሰናታይድ ሲሆን መነሻው ሂላ ሞንስተር የሚባል መርዘኛ የበረሃ እንሽላሊት ነው። ይህን እናቴ ብትሰማ ጠበል ይዛ ነው የምትመጣው።

የምወጋው እሁድ ማታ ነው። መርፌው ያለበት ፔን ፍሪጅ ውስጥ ከንጥር ቅቤው ጀርባ ተቀምጧል። ሆዴ ላይ አድርጌ ስጫነው ቀጭ ይላል። ሁለተኛው ቀጭ እስኪል ይዤ እቆያለሁ፤ አለቀ። መርፌውስ ምንም አይደል። ከ2.5 ሚሊግራም ወደ 5 ከፍ ሲልልኝ ግን የቁሌት ሽታ ከቤት አስወጣኝ። እኔን! ቅዳሜ ጠዋት ቁሌት ሲሸተኝ ከአልጋ የምወርደውን።

ማቅለሽለሹ እየቀለለ ሄደ። ስኳሬም ወርዷል፣ ሐኪሜ ደስ ብሏታል። ያልለመድኩት ዝምታውን ነው። "ፍሪጅ ውስጥ ምን ነበር?" እያለ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚያወራው ነገር ጠፋ። ጾም ሲመጣ ምን ልሆን ነው? ያልራበው ሰው ምኑን ጾመ ይባላል? ቄሱን መጠየቅ አለብኝ፣ ግን አፍራለሁ።

ወደ ክርስትናው ልመለስ። እትዬ ዶሮውን ጠቅልለው መጡ። "በሞቴ!" በሞቴ ላለች ሴት "ጨጓራዬ ቶሎ አያወርድም" ተብሎ አይመለስም። ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ሦስተኛውን በናፕኪን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አይተውኛል። ጓዳ ጠርተው "እውነቱን ንገሪኝ" አሉ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ለኔስ ይሆናል? ስኳሬ እኮ አልወርድ ብሏል።"

"ሐኪምዎን ይጠይቁ። በቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር ካለ ይንገሯቸው፣ እሱን ማወቅ አለባቸው። ደግሞ ሲያቆሙት ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።"

"ኢንሹራንስ ይከፍላል?"

"ለስኳር ከሆነ ብዙ ጊዜ ይከፍላል። በኪስ ከሆነ ግን ውድ ነው።"

አሰብ አደረጉ።

"እንግዲያው የልጄ ሰርግ ይለፍ" አሉ። "ሰርግ ላይ ከስቼ ብታይ ሰው ምን ይለኛል?"