አምስት አንጋፋዎች ያላገኙት ስህተት

አንዳንድ ደንበኞች ለአንድ ግዢ ሁለት ጊዜ ሂሳብ ተቆረጠብን የሚል ቅሬታ ሲያበዙ፣ በምሠራበት ድርጅት ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ቡድን አምስት አንጋፋ ፕሮግራመሮችን ብቻ የያዘ ነበር። ሁሉም በሙያቸው አንቱ የተባሉ ስለነበሩ መፍትሔው እንደሚዘገይ የጠረጠረ አልነበረም። ይሁንና ስብሰባው በሁለቱ ክርክር ተጀምሮ በዚያው ያልቅ ነበር፤ አንዱ ጥፋቱን ክፍያዎች ከሚመዘገቡበት ዳታቤዝ፣ ሌላው የደንበኞችን ጥያቄ ተቀብሎ ከሚያስተናግደው ሰርቨር ላይ ይፈልጋል፣ ሦስቱ ያዳምጣሉ።

ኃላፊው ከዝምተኞቹ ሁለቱን ወደ ሌላ ሥራ አዛውሮ በምትካቸው ከደንበኞች አገልግሎት አንዲት ባልደረባ፣ ከሂሳብ ክፍል ደግሞ አንድ ባለሙያ አስገባ። በዚያው ሳምንት የታየ ለውጥ አልነበረም፤ አዲሶቹ ወንበር እንጂ የመናገሪያ ተራ አላገኙም። ነገሩ የተቀየረው፣ ማንም ስለ መፍትሔ ከማንሳቱ በፊት እያንዳንዱ ሌላው የማያውቀውን እንዲናገር፣ ያውም ከአዲሶቹ እንዲጀመር ኃላፊው ሲወስን ነው። ባልደረባችን ማስታወሻዋን ገልጣ፣ ከሚደውሉላት አብዛኞቹ ሲከፍሉ ኔትወርክ ተቋርጦባቸው «ክፈል» የሚለውን ደግመው እንደተጫኑ አነበበችልን። የሂሳብ ባለሙያው የተደገሙት ክፍያዎች በሴኮንዶች ልዩነት የተመዘገቡ መሆናቸውን አከለ። ለካ የመጀመሪያው የክፍያ ጥያቄ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ክፍያው ተፈጽሟል፤ መንገድ ላይ የቀረው ምላሹ ብቻ ነው።

ተመራማሪዋ አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት 699 ሰዎችን በትናንሽ ቡድኖች ከፋፍለው ሲያሠሩ፣ የቡድኑ የጋራ ብቃት ከአባላቱ አማካይም ሆነ ከበላጩ አባል የማሰብ ችሎታ ጋር ጠንካራ ዝምድና አላሳየም፤ ይልቁንም የሌላውን ስሜት ከመረዳት ችሎታ፣ ንግግሩ በጥቂቶች ካለመያዙና ከሴቶች የቁጥር ድርሻ ጋር ተያያዘ። የሴቶቹ ድርሻ ውጤትም በአብዛኛው በዚያው ስሜትን የመረዳት ችሎታ የሚብራራ ነበር። ለእኛ ገጠመኝ የሚቀርበው ግን ተመራማሪዎቹ ስታሰርና ታይተስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳዩት ይመስለኛል፦ ቡድኖች ሁሉም የሚያውቀውን ደጋግመው ሲያነሱ አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ ሳይነሳ ይቀራል። ያ ማስታወሻ ባልደረባችን ቡድኑን ከተቀላቀለች በኋላም ለጊዜው ተዘግቶ መቆየቱን ሳስብ፣ የአባላትን ስብጥር መለወጥ ብቻውን በቂ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ችሎታም ቢሆን ዋጋ አላጣም። ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሰርቨሩ ተደጋጋሚውን ጥያቄ እንዲለይ ያደረጉት ፕሮግራመሮቹ ናቸው። ዳታቤዙም አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘግብ ስለተደረገ፣ ጥፋቱን ከዚያ ሲፈልግ የነበረው ተከራካሪ እስከ ዛሬ ትክክል ነበርኩ ይላል።