ያንኮራፋል እንጂ አልተኛም

በደሴ ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶባቸው ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎችን ስቀበል፣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ሲቲ ስካን መቼ እንደሚነሡ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእኔ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው አተነፋፈሳቸው ላይ ነው።

በግጭቱ ቅጽበት የተቀጠቀጠውን የአንጎል ክፍል የትኛውም ሐኪም ሊመልሰው አይችልም። በዙሪያው ያለው ክፍል ግን በቂ ኦክስጅንና ደም ካገኘ ሊተርፍ፣ ካጣ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት በመሆኑ አንጎል ሲያብጥ ወይም ደም ሲቋጠር በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ በዚህ ላይ የሰውነት የደም ግፊት ከወረደ ደም ወደ አንጎል መድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ የንቃት ደረጃ በሚለካበት የግላስጎ መለኪያ ከ15ቱ ነጥቦች 8 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ጉዳተኛ፣ የደሙ የኦክስጅን መጠን ከ90 በመቶ እንዳይወርድ፣ በጎልማሳ ላይ ደግሞ የላይኛው የደም ግፊት ከ110 በታች እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ የሚመጣ ሰው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጨምር አየሩ እየሳሳ እንደሚሄድም አልዘነጋም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማንኮራፋት ነው። አንድ ወጣት በሚኒባስ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ሲደርስ፣ ያመጡት ሰዎች «እግዜር ይመስገን፣ ተኝቷል፤ ያንኮራፋል» አሉኝ። ያ ድምፅ የዛለ ምላስ የአየር መንገዱን ሲዘጋ የሚሰማ ነበር። አንገቱን ሳናጣምም መንጋጋውን ወደ ፊት ስበን ኦክስጅን ስናደርግለት ድምፁ ጠፋ፤ የከንፈሩም ጥቁረት ቀስ በቀስ ለቀቀ።

«ጉሉኮስ ይሰካለት» የሚለው ልመናም አይቀርም። በእኛ አገር በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ጉሉኮስ ቢባልም፣ ስኳር ያለው ውኃ እብጠቱን ሊያብስ ስለሚችል፣ የስኳር መጠኑ ካልወረደ በቀር የምንሰቅለው ጨው ያለውን ነው። ማኒቶል የተባለው በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ሽንት ስለሚያበዛ ግን ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው አደጋ አለው። እብጠትን ይቀንሳል ተብሎ ለዓመታት ተስፋ የተጣለበት ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ደግሞ፣ ከ10,000 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሞትን እንደሚጨምር ታውቋል።

የአልጋውን ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ካደረግን በኋላ፣ እናት «ይመቸው» ብለው ትራስ ሲደርቡ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንገት ሲታጠፍ ከጭንቅላት የሚመለሰው ደም እንደሚታገድ አስረድቼ ትራሱን አወጣለሁ፤ እሳቸውም ተቀብለው እግሩ ሥር ይቀመጣሉ።