ከአጎቱ የተረከበው ቤት

ሰሞኑን ማታ ስራ ስጨርስ የማነበው ስለ አንድ ሰውዬ ብቻ ሆኗል፣ ሄንሪ ሂንሪክሰን ይባላል፣ ላይፕዚግ በምትባል የጀርመን ከተማ ይኖር የነበረ አይሁዳዊ የሙዚቃ ኖታ አሳታሚ ነው። ፒያኖ የተማረ ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ስራውን ያውቀዋል፣ ያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሽፋን ያለው የፔተርስ ኖታ አለ አይደል፣ የባህ፣ የቤትሆቨን ምናምን፣ የሱ ድርጅት ነው ያወጣው። እኔም የአጎቴን ማተሚያ ቤት ተረክቤ የምሰራ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ታሪኩ ከሆዴ አልወጣ ብሏል።

ድርጅቱን ያገኘው ከአጎቱ ከማክስ አብራሃም ነው። በ1891 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከሀምቡርግ መጥቶ አጎቱ ጋ ስራ ጀመረ፣ በ1894 ሸሪክ ሆነ፣ በ1900 አጎትየው ሲሞት ቤቱ በሙሉ እሱ ላይ ወደቀ። የተረከበው ደሞ ቀላል ነገር አልነበረም፣ አጎቱ ከ1867 ጀምሮ የትልልቆቹን ሙዚቀኞች ስራ በርካሽ እያሳተመ ኖታን የሀብታም ቤት እቃ ብቻ ከመሆን ያወጣ ሰው ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ የህትመት ሰው ነኝና። ያን ጊዜ ኖታ የሚቀረፀው ቆርቆሮና እርሳስ በተቀላቀለበት ለስላሳ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። ቀራጩ ባለ 5 ጥርስ መቧጠጫ ይይዝና አምስቱን መስመር በአንዴ ይስባል፣ ከዛ የኖታውን ራስ፣ ቁልፉን፣ ፊደሉን እያንዳንዱን በብረት ማህተም በመዶሻ እየመታ ይተክላል፣ ያውም ሁሉንም ነገር ገልብጦ፣ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀና እንዲል። ከተሳሳተ ሰሌዳውን አዙሮ ከጀርባው ቀጥቅጦ ይደለድልና ቦታውን እንደገና ይቀርፃል። አንድ ገፅ ማለት ይሄ ሁሉ ነው። ድሮ ከሰሌዳው ላይ በቀጥታ በእጅ ይታተም ነበር፣ ሰሌዳውም ቶሎ ያልቃል፣ ሮደር የሚባለው የላይፕዚግ ማተሚያ ቤት ግን ከሰሌዳው ወደ ድንጋይ አስተላልፎ በፈጣን ማሽን ማተም ሲችል ነው ዋጋው የወረደው። አጎቱ ይቺን ነገር ቶሎ አይቶ ነው የተጠቀመባት። በ1894 ደሞ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ማንም ሰው ገብቶ ኖታ ማንበብ የሚችልበት።

እንግዲህ ሂንሪክሰን ዝም ብሎ ይሄን እየሸጠ ተመቻችቶ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ጨመረበት። የኖርዌዩ ሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ የአጎቱ ወዳጅ ነበር፣ ከሚስቱ ከኒና ጋር ላይፕዚግ ሲመጣ እዛው ታልሽትራሰ 10 ባለው የድርጅቱ ህንፃ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሂንሪክሰን ያን ወዳጅነት ግሪግ እስከሞተበት እስከ 1907 ድረስ ጠበቀው። በ1904 የኦስትሪያዊውን ሙዚቃ ደራሲ የማህለርን አምስተኛ ሲምፎኒ አሳተመ፣ ማህለር ደሞ ከታተመ በኋላም ማረም የማያቆም ሰው ነው፣ አሳታሚ ለሆነ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። በ1912 ደሞ የለመደውን የሙዚቃ ስርዓት የጣለውን የሾንበርግን አምስት የኦርኬስትራ ስራዎች ወሰደ፣ ያን ጊዜ የሾንበርግን ኖታ ማሳተም ገበያ ፈልጎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ገንዘቡንም እንዲሁ ነው የበተነው። ሄንሪየተ ጎልድሽሚት የምትባል ከ80 ዓመት በላይ የሆናት የሴቶች ትምህርት ታጋይ ነበረች፣ በ1911 ላይፕዚግ ላይ የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት የከፈተችው በሱ ገንዘብ ነው። በ1926 ደሞ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ከኮሎኝ ትልቅ የጥንት የሙዚቃ መሳሪያ ስብስብ ሲገዛ እሱ 200,000 ማርክ ሰጠ፣ ከመሳሪያዎቹ አንዱ የፒያኖ ፈጣሪው ክሪስቶፎሪ እራሱ በ1726 የሰራው ፒያኖ ነው፣ ዛሬም እዛው ሙዚየም ውስጥ አለ። ዩኒቨርሲቲው በ1929 የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ከዛ አራት ዓመት ሳይሞላ ናዚዎች ስልጣን ያዙ። በ1936 ላይፕዚግ የነበረውን የሙዚቃ ደራሲውን የሜንደልሰንን ሀውልት አይሁዳዊ ነው ብለው በሌሊት አፈረሱት። የሂንሪክሰን ልጅ ዋልተር በዛው ዓመት አሜሪካ ገባ፣ ትልቁ ልጁ ማክስ በ1937 ለንደን፣ አባትየው ግን ቀረ። በ1938 ከገዛ ቤቱ ስራ ታገደ፣ በ1939 ድርጅቱን ተገዶ ሸጠ፣ ከዛ ከሚስቱ ከማርታ ጋር በ1940 መጀመሪያ ብራስልስ ገቡ፣ በግንቦት ጀርመን ቤልጂየምንም ያዘች። ማርታ ስኳር ነበረባት፣ ለአይሁድ ኢንሱሊን ተከልክሎ በ1941 ሞተች። እሱን በመስከረም 1942 ኦሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚ የግድያ ካምፕ ወሰዱት፣ እንደደረሰ ገደሉት፣ 74 ዓመቱ ነበር። ከአምስት ወንዶች ልጆቹ ሦስቱ በዛ ጊዜ አለቁ።

"ለምን ቀድሞ አልወጣም?" የሚለው ጥያቄ ያናድደኛል። በጣም ያናድደኛል። ሰውየው ከ65 ዓመት በላይ ነው፣ ከተማዋ ውስጥ እሱ ያላቆመው ነገር ስንት ነው፣ ሰራተኞቹ አሉ፣ አጎቱ ይዘህ ቆይ ብሎ የሰጠው ቤት አለ። አደራ የተቀበለ ሰው በር ላይ ደርሶ እንኳ ወደኋላ ይመለከታል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ነው እንደዛ የሚጠይቀው። ጥፋቱ የቆየው ሰው ሳይሆን የገደሉት ሰዎች ነው፣ የተማሩበትን፣ የዘፈኑበትን ቤት የነጠቁት።

ዋልተር በ1945 የአሜሪካ ጦር ልብስ ለብሶ ላይፕዚግ ተመለሰ፣ የአባቱን ቤት አገኘው፣ ግን ሐምሌ ላይ ከተማዋ ለሶቭየቶች ተላለፈችና እንደገና ከእጁ ወጣ። በ1948 ኒውዮርክ ላይ በዛው በፔተርስ ስም ከዜሮ ጀመረ፣ በ1960 ደሞ አሜሪካዊውን ሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅን አስፈረመ፣ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሙዚቃ ነው ብሎ የማይቀበለውን ሰውዬ። ኬጅ ደግሞ የሾንበርግ ተማሪ ነበር።